የአክስቴ ቀሚስ

በ1994 ዓ.ም. ካፋ፣ ቦንጋ ውስጥ ተማሪ የነበረ ሰው ፀረ ኤድስ ክበብን አይረሳም። ያኔ ክበቡ የሌለበት ትምህርት ቤት አይገኝም ነበር። በሽታው አገራችን ውስጥ መኖሩ ከታወቀ ዓመታት አልፈዋል፤ መንግሥትም በ1990 ዓ.ም. ፖሊሲ አውጥቶለታል። ገበያ መሐል ግን ስሙን ደፍሮ የሚጠራው አልነበረም። «ያ በሽታ» ነው የሚባለው፤ እሱም ድምፅ ዝቅ ተደርጎ። ለቅሶ ቤት «ምን ሆኖ ነው?» ብሎ የጠየቀ «ትንሽ አሞት ነበር» ይባላል፤ ጠያቂውም ከዚያ አያልፍም።

የእኛ ክበብ መፈክር መጻፍ ስለሰለቸው ድራማ ሠርተን ገበያ እንውረድ ተባለ። ታሪኩን የጻፈልን መምህራችን ነው። ቡና እየሰበሰበ ጅማ የሚያመላልስ ነጋዴ ከስቶና ጠቁሮ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ሚስቱ «እንመርመር» ትላለች፤ እሱ አሻፈረኝ ይላል። ድራማውን ከጫፍ እስከ ጫፍ የምትሸከመው ሚስትየዋ ናት፤ እሷን የምትሆን ልጅ ግን ታጣች። ክበቡ ሴቶች አልነበሩትም ማለቴ አይደለም። ስም መዝገቡ ላይ ከወንዶቹ አያንሱም። ልምምዱ ግን ከትምህርት በኋላ ነው፤ ከትምህርት በኋላ ደግሞ ውኃ ይቀዳል፣ ቆጮ ይጋገራል፣ ታናሽ ይታዘላል። አንዷ ልምምድ ላይ ብታመሽ አባቷ በሩ ድረስ መጥተው ይዘዋት ሄዱ። ከዚያ በኋላ ሴት ልጅ አምሺ ብሎ የደፈረ የለም።

ስለዚህ ወንድ ይሁን ተባለ። መምህራችን ነገሩ አልከበደውም። ሀገር ፍቅር ቴአትር በ1927 ዓ.ም. ሲመሠረትም ሆነ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት፣ መድረክ ላይ ሚስት ሆኖ የሚያለቅሰው፣ ሙሽራ ሆኖ የሚሽኮረመመው ወንድ እንደነበር ነገረን። ሴት ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ ሰው ፊት መታየቷ እንደ ነውር ስለሚቆጠር፣ እነ ሰላማዊት ገብረ ሥላሴና እነ አስናቀች ወርቁ ነውሩን ችለው እስኪወጡ ድረስ ጢማቸውን ተላጭተው ሻሽ የሚያስሩት ወንዶቹ ነበሩ። እንግሊዞችም እስከ 1660 እ.ኤ.አ. እንደዚሁ ነበሩ፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ በመለሰው ኦቴሎ ውስጥ ያለችውን ዴዝዴሞናን ሼክስፒር ሲጽፋት የሚጫወታት ወንድ ልጅ እንደሆነ እያወቀ ነው አለን። መምህራችን ነገር ማስረዳት ያውቅበታል። የሚለብሰው ግን እሱ አይደለም።

መጀመሪያ የተጠየቀው እኔ አልነበርኩም። አብሮን የሚማር አንድ ልጅ ነበር፤ በእህቶች መሐል ያደገ፣ ድምፁ ቀጭን፣ አረማመዱ ለስለስ ያለ። ልጆቹ «ሴታሴት» ይሉታል፤ እኔም ባልለው ሲሉት እስቃለሁ። መምህሩም ሆነ እኛ ለዚህ ቦታ ከእሱ የሚሻል የለም ብለን ደመደምን። ልጁ «አልሠራም» አለ። ለምን ሲባል መልሶ «አልሠራም» አለ፤ ደብተሩን ይዞ ወጣ፤ ክበቡም ውስጥ ተመልሶ አልታየም። ኮራብን ብለን አማነው። ዕጣው ቀጥሎ የወደቀው ቀጭን ሆኖ ጢም ባላወጣው በእኔ ላይ ነው።

አክስቴ ስነግራት መጀመሪያ ሳቀች፤ ቀጥላ ተቆጣች፤ በመጨረሻ ሳጥኗን ከፈተች። አረንጓዴ አበባ ያለበት፣ በአጠባ ብዛት የሳሳ የጥጥ ቀሚስ አወጣችልኝ፤ ጥቁር ሻሽና ለየዕለት የምትለብሳትን ነጠላ ጨመረችልኝ። ደረቴ ላይ የሚሞላውን ጨርቅ ራሷ ጠቅልላ በመቀነት አሰረችልኝ፤ እያሰረች ትስቃለች፤ እየሳቀች ደግሞ ታስተምረኛለች። «እንደ ወታደር አትርገጥ። እጅህን አታወናጭፍ፤ ከፊትህ ሰብሰብ አድርገው። ወንዶች ተሰብስበው ከቆሙ በዚያ በኩል አትለፍ፤ መንገድ ቀይር። መቀየር ካልቻልክ ቶሎ ቶሎ ሂድ፤ ግን አትሩጥ። ቢጠሩህ አትዙር። ቢሰድቡህ አልሰማህም። ዕቃ ቢወድቅብህ ጎንበስ አትበል፤ ቁጭ ብለህ አንሳው።» አንዱንም ቆም ብላ አላሰበችበትም፤ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሏ ነው የወረደችው። ይህን ሁሉ ማን አስተማረሽ አልኳት። ጥያቄዬ ገረማት፤ «ማን ያስተምረኛል?» አለችኝ።

ያላሸነፈችው እግሬን ብቻ ነው። የእሷ ጫማ ተረከዜን አላስገባ አለ። የራሴን ኮንጎ ጫማ አድርጌ ቀሚሱን ዝቅ ልናደርገው ተስማማን። «በዚህ እግርህ ማንን ልታታልል ነው?» ብላ ሸኘችኝ።

ብቻዬን የሄድኩት የድራማው አካሄድ ስለሚጠይቅ ነው። መምህራችን ድራማ መሆኑ እንዲታወቅ አልፈለገም። ባልና ሚስቱ ቡና ተራው አጠገብ ድንገት ይጣላሉ፤ ሰው የእውነት መስሎት ለመገላገል ይሰበሰባል፤ ክቡ ሲሞላ የክበቡ አባላት ብቅ ይላሉ። ስለዚህ «ባሌ» በአንድ በኩል፣ እኔ በሌላ በኩል እንደ ማንኛውም ገበያተኛ መምጣት ነበረብን።

ሌሊቱን ሲዘንብ አድሮ መንገዱ ቀይ ጭቃ ሆኗል። ቦንጋ ኮረብታ ላይ ስለሆነች የትም ለመሄድ ወይ መውጣት ወይ መውረድ ነው። ቀሚስ ለብሶ ጭቃ ቁልቁለት መውረድ ግን አክስቴም ሳትነግረኝ የቀረች ሌላ ትምህርት ነው። በአንድ እጅ ቀሚሱን ከፍ ማድረግ፣ በሌላው ነጠላውን መያዝ፣ በሦስተኛው ደግሞ ሚዛን መጠበቅ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ያጋጠሙኝ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ የተቀመጡ ወንዶች ናቸው። መንገድ ልቀይር ብል የለም። አንዱ ጠራኝ፤ አልዞርኩም። ሌላው ስለ ዳሌዬ አንድ ነገር ተናገረ፤ ዳሌዬ እንግዲህ የአክስቴ አሮጌ ሹራብ ነው። ሁሉም ሳቁ። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት የተሰማኝ ንዴት አልነበረም፤ ደስ አለኝ። ተሳካልኝ፣ አላወቁኝም ብዬ። ጎበዝ ተዋናይ መሆኔን የመሰከሩልኝ እነሱ ናቸው።

ዝቅ ብሎ ከጅማ የመጣ አይሱዙ ቆሟል። ረዳቱ ከላይ ሆኖ አፏጨ፤ «ቆንጂት ላውርድሽ ወይስ ላውጣሽ?» አለ። ከእሱ አለፍ ስል አንድ የሰፈሬ ልጅ፣ ከእኔ ዕድሜው ከፍ ያለ፣ ከፊቴ መጣ። ከአንድ ቀን በፊት ጆተኒ አብረን ተጫውተን አሸንፎኛል፤ ሒሳቡንም እኔ ከፍያለሁ። በቃ አለቀልኝ፣ ስሜን ጠርቶ ሊያጋልጠኝ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። ከላይ እስከ ታች፣ ከታች እስከ ላይ ተመለከተኝ። ከዚያ እዚህ የማልጽፈውን ነገር በጆሮዬ ተናግሮ ነጠላዬን ጎተት አድርጎ አለፈ። ያ ሰው ዓይኔን፣ አፍንጫዬን፣ ግንባሬ ላይ ያለውን ጠባሳ ያውቃል። ጠባሳው ከሻሹ በታች ወለል ብሎ ይታይ ነበር።

እዚህ ላይ ነው የሴቶቹ ነገር የሚመጣው።

መንገዱ ዳር አንዲት ሴት የማገዶ ሸክሟን ድንጋይ ላይ አስደግፋ ተቀምጣለች። እንዲህ ያለ ሸክም ለማረፍ ይወርዳል እንጂ ብቻን ሆኖ አይነሣም፤ አንድ ሰው ከኋላ ከፍ ማድረግ አለበት። ሴትዮዋ ማንጆ ናት። ካፋን ለማያውቅ ልንገር፤ ማንጆዎች ከጥንት ጀምሮ በአደን፣ በእንጨትና በከሰል የኖሩ ናቸው፤ ያኔ ሌላው ሰው አብሯቸው አይበላም፣ ቤቱም አያስገባቸውም ነበር፤ እጃቸውን እንኳ ለመጨበጥ የሚሸሽ ብዙ ነበር። ስለዚህ ወንዱም ሴቱም እያየ ያልፋታል። እኔም ሱሪ ለብሼ በዚያው መንገድ ስንት ጊዜ አልፌያለሁ፤ እሷን ይሁን ሌላዋን አላውቅም፤ ያ ሸክም አንሺ እንደሚፈልግ ራሱ አላውቅም ነበር። የዚያን ቀን ግን «እህቴ፣ ነይማ» አለችኝ። አነጋገሯ ያዘኝ። ከዚያ በፊት እንደዚያ የጠራኝ ሰው አልነበረም፤ እንዴት እንቢ እንደሚባልም አላውቅበትም።

ሄጄ አነሣሁላት፤ ያነሣሁት ግን ቡና ጆንያ መኪና ላይ እንደሚጫነው ነው። ክረምት ክረምት ከወንዶች ጋር ጆንያ እጭን ስለነበር እጄ የለመደው እሱን ነው፤ ወደ ላይ ወረወርኩት ማለት ይቻላል። ሴትዮዋ ወደፊት ልትደፋ ስትል ክንዴን ያዘች። ያዘችና ክንዴን አየች፤ ከክንዴ ወደ ኮንጎዬ ወረደች። ከሸክሙ ሥር ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ደነገጥኩ፤ ለካ እየሳቀች ነው። «ቀስ በል ልጄ» አለችኝ። ወንድ አድርጋ መናገሯ ነበር። ሌላ ምንም አላለችም፤ ሸክሟን አመቻችታ ቁልቁለቱን ወረደች፤ አልፎ አልፎ እንጨቱ ሲነቃነቅ ከኋላ አየዋለሁ።

ገበያው መግቢያ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ከሚሸጡት ሴቶች አንዷ፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች፣ ከመቀመጫዋ ተነሥታ «ውይ የኔ ልጅ፣ ማን ሞቶብሽ ነው?» ብላ ወደ እኔ መጣች። እዚያው ደርቄ ቀረሁ። መንገድ ላይ ነጠላው ሲንሸራተትብኝ እንደመጣልኝ መልሼ ተከናንቤዋለሁ፤ ለካስ ጥለቱ ወደ ላይ፣ ወደ አንገቴ ሆኗል፤ ያ ደግሞ የሐዘንተኛ አለባበስ ነው። ሻሼም ጥቁር ነው። ልታጽናናኝ እጇን ትከሻዬ ላይ አድርጋ ፊቴን ቀና ስታደርገው ነገሩ ገባት። አፏን ያዘች። ዘወር ብላ ጓደኞቿን አየች፤ በዓይን ብቻ ተነጋገሩ። ከዚያ የሆነውን ማንም ቢነግረኝ አላምንም ነበር፤ ነጠላውን ከላዬ አንሥታ አራገፈችው፤ ጥለቱን ወደ ታች አዞረች፤ አንዱን ጫፍ ትከሻዬ ላይ ጥላ በደረቴ በኩል አሳለፈችው፤ ጨርቁ ተንሸራቶ ወደ ጎን የሄደውን ደረቴንም በዚያው መላ አለችው። «ሂጂ በይ» ብላ ወደ ቆጮዋ ተመለሰች። ምን እንደምሠራ አልጠየቀችኝም። ለምን ቀሚስ እንደለበስኩም አልጠየቀችኝም። ወንዶቹ እንዳያውቁብኝ ብቻ አሰናዳችኝ።

ድራማውን ለማሳጠር፣ ተጣላን፣ ሰው ተሰበሰበ፣ ሽማግሌዎች «አንተ ሰው ሚስትህን ተው» ብለው ባሌን ገሠጹት፤ አንዱማ ዱላ አንሥቶበት ነበር። ክቡ ሲሞላ መምህራችን ገብቶ እውነቱን ሲናገር እኔ ሻሹን ፈታሁ። ወንዶቹ አንድ ጊዜ ጸጥ አሉ፤ ከዚያ ሳቁ፤ ከዚያ አጨበጨቡ። ሴቶቹ ግን አልደነቃቸውም። «እኛማ ቅድም አውቀናል» የሚል ድምፅ ከቆጮ ተራ በኩል ተሰማ። ነገሩ ወሬ እንዲሆን ስለረዳን መምህሩ ደስ አለው፤ ስለ በሽታው የተናገርነውን ሰው ምን ያህል እንደያዘው እንጃ። ትንሽ ቆይቶ «የቀን ቅኝት» የተባለው የሬዲዮ ድራማ ሲጀመር ሰው የበሽታውን ስም በየቤቱ መጥራት ጀመረ፤ ያ ከእኛ ጩኸት የበለጠ ሳይሠራ አልቀረም። የጆተኒ ጓደኛዬ ከክቡ ውስጥ ሹልክ ብሎ ሲወጣ አይቼዋለሁ። ከዚያ ቀን በኋላ ከእኔ ጋር ጆተኒ ተጫውቶ አያውቅም። ሒሳቤም ተረፈልኝ።

በማግስቱ አክስቴ ቤት ቡና ተፈልቶ አንድ ጎረቤታችን ዲያቆን ነገሩን አነሣው። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ቁጥር 5ን ጠቅሶ፣ ወንድ የሴት ልብስ መልበሱ የተከለከለ ነው፣ ለድራማ ሲሆን ይፈቀዳል አይልም አለ። አክስቴ ማንበብ አትችልም፤ ስንክሳር ሲነበብ ግን ቆማ ታዳምጣለች። «ታዲያ ነሐሴ 15 የምናከብራት ቅድስት መሪናስ?» አለችው። አባቷ ሲመንን ትቷት እንዳይሄድ የወንድ ልብስ ለብሳ፣ ወንድ ልጁ ናት ተብላ ገዳም ገባች፤ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ ልጅ ስታረግዝ «የዚያ መነኩሴ ነው» ብላ በመሪና ላይ አላከከች። መሪና እኔ ሴት ነኝ ብትል ነገሩ እዚያው ያበቃ ነበር፤ አላለችም፤ ተባረረች፤ ያልወለደችውን ልጅ አሳደገች። መነኮሳቱ ያወቁት ስትሞት ገላዋን ሊያጥቡ ሲነሡ ነው። የንጉሥ ዘይኑን ልጅ ኢላርያም እንደዚሁ በአስቄጥስ ገዳም ጢም የሌለው መነኩሴ ተብላ ኖረች፤ የታመመች እህቷን ይፈውሷት ብለው ሲያመጡላት እሷ እህቷን አወቀች፣ እህቷ ግን አላወቀቻትም።

ዲያቆኑ የቅዱሳን ለየት ያለ ነው አለ። ከእሳቱ ማዶ የነበሩ አንድ ሽማግሌ ጎረቤት ደግሞ «ልጅ ኢያሱስ በ1924 ዓ.ም. ከፍቼ ያመለጡት የሴት ልብስ ለብሰው ነው ሲባል አልሰማህም? ጠባቂዎቹ አጠገባቸው ሲያልፉ አላዩአቸውም ይባላል» አሉ። አክስቴ ስኒ እያጠበች ነበር። «ጠባቂዎቹ ወንዶች ናቸዋ!» አለች። ለዚያ ቀን ነገሩ በሳቅ አለቀ። እኔ ግን የአክስቴ ቃል ውስጤ ቀረ፤ ያለፍኩበትን መንገድ ሁሉ እንደገና በዚያ ቃል ውስጥ አየሁት።

እስከዚያ ቀን ድረስ እኛ ወንዶች ሴት ስናይ የምንውል ይመስለኝ ነበር። ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ከተቀመጥን ሥራችን እሱ ነው፤ ማን አለፈች፣ ምን ለበሰች፣ እንዴት ተራመደች። ለካ የምናየው ቀሚስ ነው። ቀሚስ ውስጥ ማንም ቢገባ፣ የሰፈራችን ልጅ ጠባሳውን ይዞ ቢገባ እንኳ፣ ያው ነው። ሴቶቹ ግን ቀሚሱን ቶሎ ያልፉታል፤ እግር ያያሉ፣ የነጠላ አጣጣል ያያሉ፣ ዕቃ አነሣስ ያያሉ፤ ሐዘን ይዟት ይሆን፣ ደክሟት ይሆን፣ ብቻዋን ናት ወይስ ሰው አላት ብለው ያያሉ። ሴት ስትፈጠር አስተዋይ ሆና ነው የሚለውን ወሬ አልወደውም፤ ያ ማሞካሸት ነው። አክስቴ ያወረደችልኝ የሕግ ዝርዝር ምክንያቱን ይናገራል። ወንዶች የቆሙበትን ከሩቅ ለይቶ መንገድ መቀየር ያለበት ሰው ከሩቅ ማየትን ይማራል፤ ሸክም የሚያነሣለት እጅ የሚፈልግ ሰው የሚያልፈውን ሁሉ ፊት ያጠናል። ከሁሉም ቀድማ ያወቀችኝ ደግሞ ከሴቶቹም በታች ተደርጋ የምትቆጠረው፣ ሁሉም የሚያልፋት የማንጆዋ ሴት ናት። እኔ እሷን አንድም ቀን አይቻት አላውቅም ነበር፤ እሷ ግን ክንዴን አንዴ ይዛ ማን እንደሆንኩ አወቀች።

ያ ልጅስ? ስለ እሱ ማሰብ የጀመርኩት ቆይቼ፣ ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ ነው። በደቡብ ኦሞ ስላሉት ስለ ማሌዎች ዶናልድ ዶንሃም የተባለ አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት የጻፈውን አነበብኩ። እዚያ አሽቲሜ የሚባሉ፣ ወንድ ሆነው ተወልደው እንደ ሴት የሚለብሱ፣ የሴት ሥራ የሚሠሩ፣ የራሳቸውን ቤት የሚይዙ ሰዎች ነበሩ፤ ድሮ በካቲው፣ ማለትም በባህላዊው ንጉሥ ቤት፣ የታወቀ ቦታ ነበራቸው። ከካፋ ብዙም በማይርቅ አገር። ማሌ እነሱን እንዴት እንደሚያይ እዚህ ላይ ተንታኝ ልሆን አልፈልግም። እኔን ያስቆመኝ ሌላ ነገር ነው፤ ስም ተሰጥቷቸዋል፣ ቦታም ተሰጥቷቸዋል። እኛ ለዚያ ልጅ የሰጠነው ስም ግን ስድብ ነበር።

አሁን ሳስበው እኔ የተጨበጨበልኝ ሻሹን ስለፈታሁ ነው። ሰው ሁሉ ከቀሚሱ ሥር ሱሪ እንዳለ አይቶ እፎይ አለ፤ ሳቁም የእፎይታ ሳቅ ነበር። ያ ልጅ ቢለብሰው ኖሮ የሚፈታው ነገር አልነበረውም፤ አረማመዱ የራሱ ነው፣ ድምፁም የራሱ ነው። ገበያው በእኔ ስቆ ወደ ቤቱ ገባ፤ በእሱ ግን ስቆ አያበቃም ነበር፤ በማግስቱም፣ በወሩም ይከተለዋል። «አልሠራም» ያለው ይህን ከእኛ ቀድሞ ስለሚያውቅ ነው ብዬ አምናለሁ። የዚያን ቀን ክቡ ውስጥ ነበር፤ ሻሹን ስፈታ በዙሪያው ያለው ሁሉ ሲስቅ እሱ አልሳቀም። ያኔ ቅናት መስሎኝ ነበር።

ዛሬ እኔም መምህር ነኝ፤ ድራማም አሠራለሁ። ልምምዱን ከትምህርት በኋላ ሳይሆን በምሳ ሰዓት ነው የማደርገው። ወጥ ቤት ሳያስቀራቸው፣ አባትም በር ድረስ ሳይመጣ ሴቶቹ ይገኛሉ፤ ሰዓቱን ብቻ በመቀየር ይህን ያህል ነገር እንደሚፈታ ያኔ ያሰበ አልነበረም። ጨዋ ሰው ሆኛለሁ አልልም፤ በረንዳ ላይ ስቀመጥ ዓይኔ የለመደውን ይፈልጋል። ሸክም ያስደገፈች ሴት ካየሁ ግን እነሣለሁ፤ ቀስ ብሎ ማንሣትም ተምሬያለሁ።

ባለፈው ዓመት ግን ችግሩ ተገለበጠብኝ፤ ክበቡ ውስጥ ሴቶቹ በዝተው አባት የሚሆን ወንድ ታጣ። አንዲት የአሥረኛ ክፍል ተማሪ እኔ እሆናለሁ አለች። አሮጌ ኮቴንና ባርኔጣዬን ሰጠኋት። ጢም እንሳልልሽ ሲሏት አልፈለገችም። ሌላ ነገር ነው የጠየቀችኝ፤ «መምህር፣ ወንዶች ማንም በማያያቸው ጊዜ እንዴት ነው የሚሄዱት?» መልስ አልነበረኝም። ታየሁ አልታየሁ ብዬ ሄጄ ስለማላውቅ ወጥተሽ ሞክሪው አልኳት። ለመለማመድ ኮቱን ለብሳ፣ ባርኔጣውን ደፍታ፣ እጇን ከኋላ አጣምራ ከግቢው ወጣች፤ ሻይ ቤቶቹን ሁሉ አልፋ እስከ መናኸሪያው ድረስ ሄዳ ተመለሰች።

እንዴት ነበር አልናት።

«ማንም ምንም አላለኝም» አለች። ቅሬታ ይሁን ደስታ ከፊቷ መለየት አልቻልኩም። «አንዲት ቆሎ ሻጭ ብቻ ባርኔጣሽ ሰፍቶሻል አለችኝ።»

ድራማው ከታየ በኋላ ባርኔጣውን ወዲያው መለሰችልኝ። ኮቱ ግን ሰንብቷል፤ በየቀኑ ነገ አመጣለሁ ትለኛለች፤ እኔም አልቸኮልኩባትም። አንድ ምሽት ከገበያ ስመለስ ኮቱን ከሩቅ አየሁት፤ እጁን ከኋላ አጣምሮ መሐል መንገዱን ይዞ፣ ሳይቸኩል ይሄዳል። አልጠራኋትም።